ጭላጬን የሚሰበስቡት እማማ

ሰው አገር ሄዶ ሰው ቤት የሚኖር ሰው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ ይጠርጋል፣ ያጥባል፣ ይተኩሳል። ሁለተኛው ቤተሰቡን ማጥናት ነው። ለሁለተኛው ማንም ሳንቲም አይከፍልም፤ ግን እሱን ያላወቀ ሰው አንደኛውም አይበረክትለትም። ማን ከእንቅልፉ ሲነሳ እንደማይናገሩት፣ ማን ሻይ ከጠጣ በኋላ እንደሚለመን፣ የትኛው በር ሲዘጋ ጠብ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ እንዲሁ ነፋስ እንደሆነ ካላወቃችሁ መጥረጊያ ይዛችሁ ጠብ መሀል ትገባላችሁ። እኔ ገብቼ አውቃለሁ። አንዴ ከገባሁ ምን አደርጋለሁ? ምንጣፉን ጠርጌ ጨረስኩ። ጠቡም ምንጣፉም አንድ ላይ አለቁ።

ያላወቅኩት ነገር ምን መሰላችሁ? እኛ ስናጠናቸው እነሱም ቁጭ ብለው እኛን ያጠናሉ! ጥናት የሠራተኛ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለቤትማ ምን ያጠናል? ቤቱ የራሱ፣ ሶፋው የራሱ፣ ሠራተኛዋም በስሙ የመጣች። ግን ያጠናሉ። እንዲያውም ከእኛ የበለጠ ይፈራሉ፤ እኛ እነሱ ቤት ነው የገባነው፣ እነሱ ግን ቤታቸው ማን እንደገባባቸው አያውቁም።

ሪያድ መላዝ ሰፈር የገባሁት በእኛ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አምስት መገባደጃ ላይ ነው። መክተብ የሚባለው አስቀጣሪው ቢሮ ለአሠሪዎች የሦስት ወር ሙከራ ይሰጣል። እንደ ጫማ በሉት። ተጫምተው ያዩናል፤ ከቆረቆርናቸው ይመልሱናል። ጫማ ሲመለስ ሱቅ ነው የሚገባው፤ እኛ ስንመለስ ቀጥታ አውሮፕላን ነው። እኔ ደግሞ ወረታ ላይ የሁለት ዓመት ልጄን ቃልኪዳንን ለእናቴ ትቼ ነው የወጣሁት። ተኝታ ነው የተለየኋት፤ ነቅታ ቢሆን እግሬም አይነሳ። እና ሦስት ወሩን ሳልጨርስ ብመለስ፣ ያን በር እንደ ሌባ ቀስ አድርጌ የዘጋሁት ለምን ነበር? ይህን ጥያቄ ሰሃን ባጠብኩ ቁጥር ሰሃኑን እጠይቀው ነበር። ሰሃኑ አይመልስም፤ ብቻ በጣም ይጠራል። ማዳም «እንዴት ያለች ንጹሕ ሴት ናት!» ትል ነበር። ንጽሕና አይደለም እናንተዬ፣ ጭንቀት ነው።

ቤቱ ውስጥ ትልቅ ሰው ሦስት፣ ትንሽ ሰው አንድ ነው። ባባ ከፊሌ ነው፤ ወረቀቴ በእሱ ስም ነው ማለት ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ከእኔ ጋር ሲነጋገር ፍሪጁን እያየ ነው። መጀመሪያ ፍሪጁ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ። ለካ የሰው ሴት ፊት ላለማየት፣ በአክብሮት ነው። ማዳም ሚስቱ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስትቆጣ ውላ ስትመጣ ለቤቱ የሚተርፍ ቁጣ የላትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የባባ እናት እማማ ሂሳ አሉ። ቤቱ ሁሉ «ኡሚ» ነው የሚላቸው፤ እኔም በአፌ ኡሚ እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እማማ ናቸው። አጭር ናቸው፣ ወፍራም ናቸው፣ የስኳሩም የቅመሙም ቁልፍ እሳቸው ወገብ ላይ ነው። ሲሄዱ ይንቃጨላሉ። ለእኔ ጥሩ ነበር፤ ከየት እንደሚመጡ ቀድሜ እሰማለሁ።

ትንሹ ሰው ናይፍ ነው። ሰባት ወሩ። እናንተዬ፣ ልጅ አየሁ እንዳትሉ! ጉንጩ በሁለት እጅ ካልተደገፈ የሚወድቅ የሚመስል፣ እጁ ላይ ክር የታሰረበት ይመስል ሥጋው እጥፍ እጥፍ ያለ። የመጀመሪያውን ሰሞን አያሲዙኝም ነበር። እኔም በሩቁ እያየሁት ማሰሮ እፈትግ ነበር። አንድ ቀን ግን ማዳም ስልኳ ጮኸና «ያላ፣ ያዢው» ብላ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ክንዴ ባዶ መሆኑን የረሳሁት ያን ቀን ነው። ክብደቱ የቃልኪዳን ክብደት፣ የአንገቱ ሽታ ወተት። እንግዲህ ምን ልሁን? አፌ ተከፈተ። «ወይ የኔ ጌታ! ወይ የኔ ሙክት! ይሄን ጉንጭ ማን ሰጠህ? ይሄን ጭን? ዓይንህስ ቢሆን፣ ሰው ይጨርሳል እኮ!» እያልኩ በአማርኛ አወረድኩት። ዓይኔን አፍጥጬ፣ ከጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ፣ አንድም ሳላስቀር። ከዚያ ደግሞ ያደገች የተቀጣች ሰው እንደምታደርገው፣ ግንባሩ ላይ «እንትፍ! እንትፍ!» አልኩበት።

በእኛ አገር ልጅ አድንቆ እንትፍ ሳይል የሚሄድ ሰው ባለጌ ነው፤ ከባለጌም የባሰ ሊባል ይችላል። ምራቅ እኮ አይወጣም፤ ድምፁ ነው። የሰው ዓይን እንዳይበላው መጠበቂያ ነው። እኔ እንግዲህ የራሴን ዓይን ከራሴ ላይ መጠበቄ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ጥንቃቄ አለ?

እማማ ሂሳ ሶፋው ላይ መቁጠሪያ እየቆጠሩ ነበር። ጣታቸው ቆመ። ማዳም ስልኳን ሳትዘጋ ልጁን ወሰደችብኝና ግንባሩን በሶፍት ጠረገችው፤ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው። እኔስ ምን አሰብኩ? ልባቸው ተነክቶ ነው አልኩ። ልጃቸውን እንዲህ የሚወድ ሰው አይተው አያውቁም፤ አፍረው ነው ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ማሰሮዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ናይፍ ታመመ። ያስመልሰዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ጡጦ ሲያቀርቡለት በእጁ ይገፋል፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጀምሮ ያለቅሳል። ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ሽሮፕ ሰጡት፤ ሽሮፑንም አስመለሰው። እኔ አጥቤ የሰቀልኩትን አንሶላ መልሼ አጥባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ እፈራለሁ። ልጅ የታመመበት ቤት ሠራተኛ አይወድም፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ለእኔ ምን ቢሆንልኝ ጥሩ ነው? ክብር መጣልኝ!

ሻይ የምጠጣው ወጥ ቤት ቆሜ፣ እጀታዋ በተሰበረች ኩባያ ነበር። አንድ ቀን እማማ ሂሳ እየተንቃጨሉ መጡና «ነይ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። የት? ምንጣፉ ላይ፣ እሳቸው ፊት ለፊት! ጠርዟ ወርቅ በተቀባች ትንሽ ብርጭቆ ናና ያለበት ሻይ ራሳቸው ቀዱልኝ። «ጠጪ» አሉኝ። ጠጣሁ። አፌን እያዩ ነው የሚያስጠጡኝ፤ እናቴ እንኳ ሽሮፕ ስታጠጣኝ እንዲህ አላየችኝም። ልጨርሰው ስል «በቃ፣ ተዪው» ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ላጥበው ብል እንቢ አሉ። ራሳቸው ይዘውት ሄዱ! እመቤት የሠራተኛዋን ብርጭቆ ስታነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በማግስቱ የባሰ መጣ። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው መጡና እጄን አስታጠቡኝ። ፊትሽንም ታጠቢ አሉኝ፤ ክርንሽንም። ውኃው ሳፋው ውስጥ ሲጠራቀም በጥንቃቄ፣ ጠብታ ሳያፈሱ ይዘውት ወጡ። እኔ እንግዲህ ያደግኩበት አገር ለእንግዳ ውኃ ይዞ እጅ የሚያስታጥበው ታናሽ ነው። ዝቅ ብሎ፣ ፎጣ ክንዱ ላይ ጥሎ። እማማ ሂሳ ለእኔ! ጳጳስ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። ልባርካቸው እጄን ላነሳ ምንም አልቀረኝም።

አርብ አርብ ስልክ ይፈቀድልኛል። ለየሺ ደወልኩ። የሺ አብረን በአንድ አውሮፕላን የመጣን የወልድያ ልጅ ናት፤ እሷ የደረሳት ባዲዓ ሰፈር ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ሻዩን፣ ብርጭቆዋን፣ ሳፋውን። «ውይ እህቴ» አለች፣ «የእኔዋ እጄን ልታስታጥበኝ ቀርቶ እጅ እንዳለኝም ረስታለች፤ መጥረጊያው ብቻውን የሚሄድ ይመስላታል። ምን አቅምሰሻቸው ነው?» አለችኝ። ጠባይ ነው አልኳት። «ጠባይሽንማ ኤርፖርት አይቼዋለሁ» አለች። ቅናት ነው ብዬ አለፍኳት። እኔ የሙከራው ጊዜ ያለቀልኝ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀቴ የተሠራልኝ፣ ቃልኪዳን ትምህርት ቤት የገባች ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ቀጥሎ ሻሼ ጠፋ። ጣራ ላይ አጥቤ የሰቀልኩት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ላቤን የጠረግኩበት፣ ልታጠብ ስገባ በር ላይ የሰቀልኩት። ፈለግኩት፣ አጣሁት። በማግስቱ እዚያው ቦታው ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ ርጥብ፣ ግን ሳሙና ያልነካው። ይህንንም ለየሺ ነገርኳት። የሺ ዝም አለች። የሺ ዝም ስትል ደግሞ ያስፈራል፣ ልማዷ አይደለም። «ሻሽሽን?» አለች። «አዎ።» «ላብሽ ያለበትን?» «አዎ።» «ርጥብ አድርገው መለሱት?» «አዎ አልኩሽ እኮ።» «እህቴ፣ አልወደድኩትም። ብርጭቆሽን ይወስዳሉ፣ የታጠብሽበትን ይወስዳሉ፣ ላብሽን ይወስዳሉ፤ ሰው የሰውን እንዲህ የሚሰበስበው ለምንድን ነው? ድግምት ነዋ! አገርሽን እንድትረሺ ሊያስሩሽ ነው። ልጅሽ ማን ትባላለች? ቶሎ በይ!» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ቃልኪዳን» አልኩ። «በይ እንግዲያው ገና አልያዘሽም» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ሻዩ መራራ ሆነ። ስኳሩ ያው ነው፤ ግን ብርጭቆዋ በተነሳች ቁጥር ልቤ አብራ ትነሳለች። ማታ ማታ የልጄን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የጎረቤቶቻችንን ስም እየጠራሁ እተኛለሁ። አንድ ቀን የፍየላችን ስም ጠፋኝና ሳለቅስ አደርኩ። ኋላ ሳስበው ፍየሏ ስምም አልነበራት።

የነገሩን ጫፍ ያገኘሁት ፎጣ ላደርስ ስሄድ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ናይፍ ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል፣ ማዳም ደግፋዋለች። እማማ ሂሳ «ቢስሚላህ» እያሉ አናቱ ላይ ውኃ ያፈሱለታል። ከሳፋው አጠገብ ምን ተደርድሯል? ወርቅ የተቀባችው ብርጭቆ። ጭላጬ ከነናና ቅጠሏ ውኃው ላይ ተንሳፍፋለች፤ ናይፍ በጣቱ ይከተላታል። የታጠብኩበት ውኃ በማንቆርቆሪያው። ሻሼ ደግሞ ጨመቅ ተደርጎ ደረቱ ላይ። ማዳም ቀስ ብላ «ዓይን» የሚለውን ቃል ስትናገር ሰማሁ። ዓይን በዐረብኛም ዓይን ነው፤ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ድግምት አይደለም። እኔን ሊያስሩኝም አይደለም። ከእኔ ልጃቸውን እያዳኑ ነው! ዓይኗ በላው ብለው፣ የእኔን ቅሪት ሰብስበው ያጥቡታል። በአጭሩ፣ ቡዳ ናት ብለውኛል።

እኔን! የቄስ ልጅ ልጅ! ዘር ማንዘሬ በወረታ ምድር ሰርግ ተጠርቶ፣ ጠላ ቀርቦለት፣ ከሰው ጋር በአንድ ገበታ የበላ! ባሕር ተሻግሬ፣ ወረቀቴን አስተካክዬ፣ ሰሃን እንደ መስታወት እያበራሁ ቡዳ ልባል? ፎጣውን በር ላይ ጥዬ ጣራ ወጣሁና ከውኃ ጋኑ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳለቅስ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቃልኪዳን ያመማት ጊዜ እናቴ ከሸክላ ሠሪዋ ከወይዘሮ አለሚቱ ነጠላ ክር መዝዛ አጭሳባት ነበር። ወይዘሮ አለሚቱ ክሩ ሲመዘዝ ያዩ እንደሆነ፣ የት ሄደው አልቅሰው ይሆን? ጋን እንኳ የላቸው፤ የሚሠሩት ለሰው ነው።

ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። አስቡት እስቲ እናንተም። ናይፍ ካልዳነ፣ የእኔ ዓይን አይደለም ማለት ነው፤ ነጻ ወጣሁ። ግን ልጁ ይሠቃያል፤ ልጅ የታመመበት ቤት ደግሞ ሠራተኛ አይወድም። ናይፍ ከዳነ፣ ጭላጬ አዳነው ማለት ነው፤ እንግዲያው የበላሁትም እኔ ነኝ። በየትኛውም ቢሆን መንገዱ ወደ መክተብ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አይቼ አላውቅም፤ ምስክሯም ተከሳሿም እኔ፣ ሁለቱም ላይ የሚፈረድብኝ።

ታዲያ የቱን ልመኝ? እዚያው ተቀምጬ ታች የናይፍን ልቅሶ ሰማሁ። ቀጭን ልቅሶ፣ የደከመው ልጅ ልቅሶ። የልጅ ልቅሶ አገር የለውም፤ ጡቴ ደርቆ ከረመ ስል ደረቴ ላይ ወጋኝ። «በቃ፣ ቡዳ ልሁንላችሁ» አልኩ። «ብቻ ይዳን።»

ከሆንኩ አይቀር ደግሞ ጥሩ ቡዳ ልሁን ብዬ ቆረጥኩ። በማግስቱ እማማ ሂሳ ሻይ ሲቀዱልኝ ጭላጭ አላስቀረሁም፤ ግማሹን አስቀረሁ። እጄን ሲያስታጥቡኝ ሳልታዘዝ አንገቴንም ታጠብኩ፤ እግሬንም ልጨምር ስል እሳቸው ራሳቸው «በቃ፣ በቃ» አሉኝ። ሻሼን እንዲያገኙት ሳሎን ሶፋ ላይ እረሳዋለሁ። የተኛሁበትን የትራስ ልብስ አጣጥፌ መታጠቢያ ቤት በር ላይ አኖርኩላቸው። እማማ ሂሳ ግራ ተጋብተው ያዩኝ ነበር። እንዲህ ለሥራው የተጋች ዓይነ መጥፎ ከየት ትምጣ?

ናይፍ ዳነ! ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ጡጦውን በሁለት እጁ ያዘ፣ አይቶኝ ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ላይ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። ሐኪሙ ጥርስ ነው አለ። ባባ ለፍሪጁ «ሽሮፑ ነው» አለው። እማማ ሂሳ ግን ወርቅ የተቀባችውን ብርጭቆ አጥበው፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈውባት ቁልፉን ወገባቸው ላይ አንጠለጠሉ። ያኔ ፍርዱ እንደወጣ ገባኝ።

ማዳም ቆርጣለች። ሙከራው ሳያልቅ ትመለስ አለች። እስከዚያው ቤቱን እንዳላወድምባት ማሠልጠን ጀመረች። ምንም ነገር ከማየቴ በፊት «ማሻአላህ» እንድል። አምላክ የፈቀደው ሆነ እንደማለት ነው፤ እሱን ካሉ ዓይን አይሠራም ይላሉ። ሩዝ ስከፍት ማሻአላህ፣ መጋረጃ ስገልጥ ማሻአላህ። ከረሳሁ ማዳም ከሌላ ክፍል ድረስ ትጮህብኛለች። አስተማሪ ናት ብያችኋለሁ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሽንኩርት ስልጥ እንኳ በራሱ ይወጣኝ ጀመር።

እማማ ሂሳ ግን «ቆዪ፣ ሱወይዲ ሄደን እስክንመጣ» አሉ። ማዳም ለምን ብትል «ኸላስ» ብለው ዘጉት። ሱወይዲ ሰፈር ያለችው ጣውንታቸው ኡም ሱልጣን ናት። ሟቹ ባላቸው ለሁለቱም ቤት ሠርተው አልፈዋል፤ የኡም ሱልጣን ልጆች ግን የእሷን ቤት አፍርሰው አዲስ ሠርተውላት ጠርታን ነው። እማማ ሂሳ መኪና ውስጥ ከኋላ እኔ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት እንዲህ ተጠግተውኝ አያውቁም። ጆሮዬ ሥር ሆነው «ልጆቹን ተያቸው» አሉኝ። «ልጆች የአላህ ናቸው። ግን ሳሎኑ ጣራ ላይ መብራት ሰቅላለች ይሉኛል። እሱን ደህና አድርገሽ እዪልኝ።» ቀጥለውም «ዓይንሽን ግለጪ፣ ናይፍን ያየሽው ዕለት እንዳየሽው» አሉኝ።

እናንተዬ! ለካ የሚወስዱኝ መድፍ አድርገው ነው! ከመክተብ ያስቀሩኝ ለዚህ ነው! መናደድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ይህን ሁሉ ጊዜ ጫማ ሆኜ ስሞከር ከርሜ መድፍ መሆን ሹመት አይደለም እንዴ? ያን መብራት ካወረድኩ ሥራዬ ቋሚ ነው። ሱወይዲ እስክንደርስ ዓይኔን በሻሼ ስወለውል ነበር።

ገባን። ኡም ሱልጣን ቀጭን ረጅም ሴት ናት፣ እጇ ላይ ወርቁ እስከ ክርኗ። መብራቱስ! ከጣራው እስከ ጭንቅላታችን የወረደ፣ ቅርንጫፍ ላይ ቅርንጫፍ፣ ብርጭቆ ላይ ብርጭቆ፣ ፀሐይ ተሰባብራ የተንጠለጠለች። እማማ ሂሳ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ቀና አልኩ። ዓይኔን በረገድኩ። አየር ሳብኩ። እናም ከአፌ ምን ወጣ?

«ማሻአላህ!»

በሙሉ ድምፅ። ሳሎኑ አስተጋባ። ልመልሰው ብሞክር ምላሴ ለማዳም አድራለች፤ ወደ ሶፋው ዞርኩ፣ ማሻአላህ። ወደ ቴምሩ፣ ማሻአላህ። አንዲት ልጅ መጥረጊያ ይዛ አለፈች፣ ለመጥረጊያውም ማሻአላህ። የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ በበረከት አጥሬ፣ ቆላልፌ ለጣውንቷ አስረከብኳት። ኡም ሱልጣን ፊቷ በራ። «ይቺን የተባረከች ከየት አገኛችኋት? የእኔዎቹ ዓመት ቆይተውም ቃሉን አይሉልኝም!» አለች። እማማ ሂሳ ፈገግ ብለው፣ በዓባያቸው ሥር ጭኔን ቆነጠጡኝ። ምልክቱ አሁንም ያለ ይመስለኛል።

ስንመለስ መኪናው ገና ከግቢው ሳይወጣ ፈነዱ። «ማን በይ አለሽ?» አሉኝ። ማዳም ከፊት ዞር ብላ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች። «ቤታችን ውስጥ በይ አልናት እንጂ ሱወይዲ ድረስ ወስደሽ በትኚው አልናት?» «ኡሚ፣ ቃሉ የአላህ ቃል ነው፣ ሰፈር አለው እንዴ?» «አንቺ ደግሞ ለእኔ ሃይማኖት ልታስተምሪ ነው?» ባባ ፍሪጅ ስላልነበረ መሪውን ብቻ እያየ ይነዳል። ናይፍ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ይስቃል። እኔ አለቀልኝ። መድፉ ከሸፈ። ነገ መክተብ፣ ከነገ ወዲያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ቃልኪዳን «እማዬ ምን አመጣሽልኝ?» ስትለኝ፤ ማሻአላህ።

ስልክ ጮኸ። እማማ ሂሳ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት። ኡም ሱልጣን ናት። ማዳም ልመልሳት ነው ብላ ለኡም ሱልጣን ምራቶች አውርታ ኖሯል። «እህቴ» አለች፣ «ልጅቷን ከምትመልሷት ለእኔ አዛውሩልኝ። ወድጃታለሁ። አፏ ንጹሕ ነው።»

እውነቱን ልናገር? ልቤ ለአፍታ ወደዚያ መብራት ሄዷል። እማማ ሂሳ ዘወር ብለው አዩኝ። እንዲህ አይተውኝ አያውቁም፤ አንድ ሰው ድንገት ቤቱ ውስጥ የነበረን ዕቃ ጎረቤት ዋጋ ሲጠይቅበት እንደሚያየው ዓይነት።

ከዚያ ጀመሩ። «ይቺን? ይቺን ነው የወደድሽው? ሰነፍ ናት፣ ወላሂ! ፀሐይ ወጥታ ናት የምትነሳ። ሩዝ ታሳርራለች። ሰሃን ትሰብራለች። ስትበላ ደግሞ አይጣል ነው፤ አንድ ዶሮ ለብቻዋ! መስኮት ላይ ቆማ ነው የምትውል። ንጽሕናዋን አታንሺው...» የእኔ ዐረብኛ ያን ጊዜ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነበር፤ ስድብ ግን ቶሎ ይገባል፣ ሁሉንም ለቀምኩት። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። እኔ ሰሃን ሰብሬ? ልናገር አፌን ስከፍት ግን ዓይናቸውን አየሁ፤ አንድ እጃቸው ስልኩን ይዟል፣ ሌላው እጃቸው የእኔን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል። ይሄንማ አውቀዋለሁ! በእኛ ሰፈር እናት የምትሳሳለትን ልጅ ሰው አፍጥጦ ሲያይባት ምን ትላለች? «ይሄ ጉድ! ይሄ ለፍላፋ! አፍንጫውን አታዩትም?» ትላለች፤ እያለችም ቀሚሷ ሥር ትሸጉጠዋለች። እማማ ሂሳ ሸጎጡኝ። ሰነፍ ሲሉኝ በልቤ አሜን፣ ሆዳም ሲሉኝ አሜን። እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም፤ እንዲህም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዓይኗ መጥፎ ነው የሚለውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱትም። ያን ምስጢር ለጣውንት እንዴት ብለው!

ኡም ሱልጣን ሁሉንም ጨርሳ ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ «እንግዲህ እንዲህ ከሆነች፣ እናንተስ ለምን ትይዟታላችሁ?» አለች።

እማማ ሂሳ ትንፋሽ ወሰዱ፤ መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ለስለስ አደረጉ። «ምን ላድርግ እህቴ፣ ለአላህ ብዬ ነው እንጂ። ልጄም በዚህ ሳምንት ኢቃማዋን ሊያወጣላት ነው። ጽድቅ ቀላል መሰለሽ?»